ግድግዳው ያስቀረው ድምፅ

ካውያ ቴፑን ከሶኬቱ ነቅላ፣ ከነገመዱ አንጠልጥላ ወሰደችና ሳሙና ውሃ የሞላው በርሜል ውስጥ ከተተችው።

ቴፑ አረፋ እየተፋ ሰመጠ። ዘፈኑ ገና መጀመሩ ነበር፤ ዘፋኟ አፏን እንኳ አልከፈተችም። ከዚያ በኋላ በልብስ ማጠቢያው ውስጥ የሚሰማው የትልቁ መተኮሻ ጉርምርምታ ብቻ ሆነ።

«እትዬ! የወንድሜ ነው እኮ!» ፌንጣ ከማጠፊያው ጠረጴዛ ማዶ ጮኸች። «አበዱ እንዴ? ካበዱ ሆስፒታሉ እዚሁ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃውን ያውቁታል!»

«እንዳላብድ ነው የከተትኩት።»

«የሰው ዕቃ እንዴት...»

«አንሶላ መጣ። ያዢ!»

አንሶላው መጥቶ ነበር። ከጋሉት ብረቶች መሀል ተጨምቆ፣ ደርቆ፣ እየተነነ ወጣ። ሁለቱም በልማድ ጫፍ ጫፉን ያዙ። ፌንጣ ግን እያለቀሰች ስለነበር የያዘችው ጫፍ አመለጣትና አንሶላው መሬት ነካ። መሬት የነካ አንሶላ እንደገና ይታጠባል፤ የልብስ ማጠቢያው ሕግ ነው። ካውያ በእግሯ ወደ ጥግ ገፋችው።

ካውያ ወላጆቿ ያወጡላት ስም አይደለም። የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው ያወጡላት። ግላ ነው የምትውለው፤ ያገኘችውን ሁሉ ቀጥ ለማድረግ ትሞክራለች፤ እምቢ ያላትን ታቃጥላለች። ፊት ለፊት ግን ማንም ሰው «እትዬ» ነው የሚላት። ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች፣ ጡረታዋ የቀረበ ሴት ናት። በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ የተቀጠረችው ጠጉሯ ጥቁር ሳለ ነው። ሌላ ሥራ ሠርታ አታውቅም።

ሥራው ማጠፍ ነው። ከመተኮሻው ማዶ ሁለት ሰዎች እርጥቡን አንሶላ ዘርግተው ያስገባሉ፤ ከወዲህ ሁለት ሴቶች የደረቀውን ይቀበላሉ። አንሶላው ሲወጣ እጅ ይፈጃል፤ ስለዚህ የሚያዘው በጣት ጫፍ ነው። ሁለቱ ሴቶች ወደ ኋላ ይሄዳሉ፤ አንሶላው ይወጠራል፤ በቁመቱ ይታጠፋል፤ ይደገማል። ከዚያ ወደ ፊት ይመጣሉ። አንዷ ጫፏን ለሌላዋ ትሰጥና ጎንበስ ብላ የታጠፈውን ወገብ ታነሳለች። የመጀመሪያዋ ሰጪ ትባላለች፣ ሁለተኛዋ ተቀባይ። ሰጪ ወደ ተቀባይዋ እጅ አታይም። ተቀባይም «ስጪኝ» አትልም። እጅ በሰዓቱ እዚያ መገኘት አለበት። ካልተገኘ የሚቀጥለው አንሶላ ወጥቶ ይቆለላል፤ ማሽኑ ሰው አይጠብቅም።

ካውያ ሰጪ ናት። ፍጥነቱን የሚወስነው ሰጪው ነው፤ ይሄም ሕግ ነው፣ የትም አልተጻፈም እንጂ።

ብዙ ዓመት ተቀባይዋ የነበረችው ሴት አሁን ቤቷ ተኝታለች። ትከሻዋ እምቢ ሲላት ኃላፊው ምድር ቤት አወረዳት። ምድር ቤት ማለት የቆሸሸው ልብስ ከየክፍሉ በጆንያ ታስሮ የሚወርድበት፣ ደሙ ከትውከቱ የሚለይበት ክፍል ነው። ነርሶች ሲቸኩሉ መርፌ አንሶላ ውስጥ ይረሳሉ። አንዱ መርፌ እጇን ወጋው። ዓመት ሳይሞላት ዓይኗ ቢጫ ሆነ፣ ሆዷ ተነፋ። ሆስፒታሉ «ከሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑ አልተረጋገጠም» አላት። ካውያ በየሳምንቱ ትጠይቃታለች። በሄደች ቁጥር ስትመለስ መንገድ ላይ ያገኘችውን ሰው ሁሉ ትሳደባለች።

ስለዚህ ካውያ ከምድር ቤት በላይ የምትፈራው ነገር አልነበረም።

ፌንጣና አዲሱ መተኮሻ የመጡት በአንድ ሰሞን ነው። አሮጌው መተኮሻ እያረፈ የሚሠራ ነበር። አዲሱ ይሮጣል። ኃላፊው፣ ከራሱ በፊት ከረባቱ የሚታይ ሰው፣ ሁሉንም ሰብስቦ «ማሽኑ ከአሮጌው በሠላሳ ዓመት የሚያንስ ወጣት ነው። የማይደርስበት ምድር ቤት ይወርዳል» አለ። ሲናገር ካውያን ነበር የሚያየው።

ፌንጣ ስሟን ያገኘችው አንድ ቦታ መቆም ስለማትችል ነው። ሻይ ስትጠጣም እግሯ ይዘላል። በመጀመሪያው ቀን ቴፑን ይዛ መጥታ ከጠረጴዛው ሥር ሰካችው።

«ምንድነው ይሄ?» አለች ካውያ።

«ሶል ነው እትዬ፤ የጥቁር አሜሪካኖች ዘፈን። የድሮ ነው፤ በእርስዎ ጊዜ የነበረ። ዳንስም አለው።»

«እኔ የማውቀው የጫማ ሶል ነው።»

«እሱም እኮ ለእግር ነው!»

ከማሽኑ ማዶ የሚሠራው ቀጮ የሚባለው አስገቢ ሳቀ። ካውያ አልሳቀችም። ኃላፊው ጋ ሄዳ ያስከልክሉልኝ አለች። ሥራው እየሄደ ስለነበር ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ደግማ ሄደች። «እትዬ፣ እኔ የሙዚቃ ሚኒስትር አይደለሁም» አላት። በሦስተኛው የኃላፊው ጸሐፊ «የሉም» አለቻት፤ እሱ ግን ከመስታወቱ ወዲያ ተቀምጦ ይታያል።

ሙዚቃ የምትጠላበት ምክንያት ነበራት። ለማንም አልተናገረችውም።

የቤቷ የኋላ ግድግዳ ካንድ አዳራሽ ጋር የተጋጠመ ነው። አዳራሹ ለሠርግ፣ ለልደት፣ ለምርቃት ይከራያል፤ የሚከራይ ከጠፋም ባለቤቱ ራሱ ሰው ሰብስቦ ያስጨፍራል። ባሏ ሳንባው ታሞ በተኛበት ዓመት ግድግዳው ሳይመታ የዋለበት እሁድ አልነበረም። ዱም፣ ዱም፣ ዱ-ዱም። ጠርሙሶቹ መደርደሪያው ላይ ይንጫጫሉ። ባሏ ጸጥታ ነበር የሚፈልገው፤ ሌላ ምንም አልጠየቀም፣ ምግብ እንኳ። አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ትንፋሹ ሲያጥርበት ካውያ ነጠላ ጫማዋን ሳትቀይር ሮጣ የአዳራሹን በር ደበደበች። ባለቤቱ ወጣ። የከረባቱ ቋጠሮ ጆሮው ሥር ደርሷል። ስትናገር ጎንበስ ብሎ አዳመጠና «እሺ እሺ፣ እንቀንሳለን» አላት። አልቀነሱም። ስትመለስ ባሏ ሞቷል። ግድግዳው ዱም፣ ዱም፣ ዱ-ዱም ይላል።

ከዚያ በኋላ ያቺን አንዲት ዘፈን ከሌላው ሁሉ ለይታ ታውቃታለች። ስሟን አታውቅም። አመታቷን ነው የምታውቀው። ፌንጣ አዲስ ካሴት ባመጣችበት ጠዋት ከቴፑ የወጣው እሱ ነው። ዱም፣ ዱም፣ ዱ-ዱም። ቀሪውን በርሜሉ ያውቃል።

ኃላፊው የቴፑን ወሬ ሲሰማ እየሮጠ መጣ። ካውያ የሚቆጣት መስሏት ጥርሷን ነክሳ ጠበቀችው። እሱ ግን የሚያዝበት ሰበብ በማግኘቱ ደስ ብሎት ነበር።

«ኤሌክትሪክ ዕቃ ውሃ ውስጥ! ሰው ቢሞትስ?» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብሎ። «ከዛሬ ጀምሮ ሙዚቃ ክልክል ነው። ማንጎራጎርም ክልክል ነው። እትዬም ሲለምኑኝ የከረሙት ይሄንኑ ነው፣ አይደለም እንዴ?» ከዚያ ቀጠለ። «ደግሞ ስሙ። ልብስ ማጠቢያውን ሊረከብ ያሰበ ድርጅት አለ። ዓርብ አንዲት ሴት ይልካል። የምትደርሱትንና የማትደርሱትን እሷ ትለያለች። ከዚያ ወዲያ እኔ ጋ ለቅሶ የለም።»

ካውያ ያሸነፈች መሰላት። እስከ ምሳ ድረስ።

ከምሳ በኋላ አንሶላ መቆለል ጀመረ። ፌንጣ እጇን ትዘረጋለች፣ ካውያ አልደረሰችም። ካውያ ስትደርስ ፌንጣ ጎንበስ ብላለች። ጫፍ ባየር ላይ ይቀራል። አንዱ አንሶላ ሳይያዝ ቀርቶ ወደ ብረቱ ተመልሶ ተጠመጠመ፤ ቤቱ የተቃጠለ ጨርቅ ሸተተ። ቀጮ ማሽኑን አጥፍቶ በቢላ እየቆረጠ አወጣው።

«ዓይንሽ የት ነው ያለው?» አለች ካውያ።

ፌንጣ የሚቀጥለውን ጫፍ ያዘች። ከቴፑ ወዲህ ለካውያ ቃል አልተነፈሰችም ነበር።

«እቆጥርልሻለሁ። አንድ ስል ወደ ኋላ፣ ሁለት ስል እጠፊ። አንድ! ሁለት! አንድ!»

«ወታደር ቤት አልተቀጠርኩም» አለች ፌንጣ፣ ለካውያ ሳይሆን ለአንሶላው።

በማግስቱም እንዲሁ። ካውያ ልጅቷን ከሰነፍ እስከ ደንቆሮ ስትሰድባት ዋለች። በሻይ ሰዓት ቀጮ አጠገቧ ተቀመጠ። ቀጭን፣ ቀልደኛ፣ ሰው ሲጣላ የማይወድ ሰው ነው።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልበልና ብርጭቆውን አይወርውሩብኝ።»

«በል።»

«ልጅቷ አይደለችም።»

«ምኑ?»

«የሚዘገየው። እርስዎ ነዎት።»

ካውያ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ቀጮ ትንሽ ራቅ አለ።

«እኔ ከማሽኑ ማዶ ሆኜ ፊታችሁን አላይም» አለ። «በብረቱ ሥር የሚታየኝ እግራችሁ ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ የማየው አራት እግር ነው፤ ከሚስቴ እግር ይልቅ የእርስዎን አውቀዋለሁ፣ ይቅርታ። ዘፈኑ እያለ እግርዎ እኩል ይረግጥ ነበር። አንድም ቀን አልዘገየም። ዘፈኑ ከጠፋ ወዲህ ግን እግርዎ በአሮጌው ማሽን ፍጥነት ነው የሚረግጠው።»

«እኔ ያንን ጩኸት ሰምቼው አላውቅም!»

«እርስዎ አልሰሙ ይሆናል። እግርዎ ሰምቷል።»

ካውያ ተነስታ ወጣች።  ቀጮ ዋሽቷል ብላ ብታስብ ደስ ይላት ነበር፤ ግን ቀጮ ለመዋሸት የሚበቃ ምክንያት የለውም። ደግሞ ሥራዋን ታውቃለች። ጫፏ የሚዘገይበትን ቅጽበት ሁለቱንም ቀን በገዛ ጣቷ አይታዋለች፤ አይታ ልጅቷን ሰድባለች። ሦስት ወር ሙሉ ማሽኑ ላይ ያደረሳት ያ የረገመችው ነገር መሆኑን ስታስብ ራሷን በጥፊ መምታት አማራት። የሰመጠው የፌንጣ ወንድም ቴፕ አልነበረም። የራሷ እግር ነበር።

እቤቷ ገብታ አንሶላ ከአልጋዋ ገፈፈች። ጫፉን ከመስኮቱ ብረት ጋር አሰረችና ሌላውን ጫፍ ይዛ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት መሄድ ጀመረች። አዳራሹ ውስጥ የሆነ ሰው ድምፅ ማጉያ እየሞከረ ነበር፤ ግድግዳው ይመታል። በግድግዳው ምት ረገጠች። እግሯ ሄደ። እጇ ግን መቼ መስጠት እንዳለበት አላወቀም። ምቱ «ርገጪ» ይላል እንጂ «ስጪ» አይልም። የጎደለ ነገር አለ። አንሶላውን መሬት ላይ ጥላ ተቀመጠችበት።

ነገ ዓርብ ነው። ቴፕ ያስፈልጋል፤ ከዘፈን ደግሞ ለይታ የምታውቀው አንዱን ብቻ ነው። በልብስ ማጠቢያው ለካውያ ቴፕ የሚያውስ ሰው የለም፤ የመጨረሻው ቴፕ የት እንደገባ ሁሉም ያውቃል። የምታውቀው አንድ ቴፕ ያለበት ቦታ ብቻ ነው፤ እሱም ከራስጌዋ ግድግዳ ወዲያ ነው።

እሳት ጎርሳ እሳት ለብሳ ሄደች።

የአዳራሹ ባለቤት ወንበር እየደረደረ ነበር። አርጅቷል፤ ከረባቱ የለም፤ ሆዱ ቀበቶውን ውጦታል።

«ጎረቤት» አለ። «ገና አልከፈትነውም እኮ፤ ስለጩኸቱ ከሆነ...»

«ባሌ የሞተ ቀን እዚች በር ላይ ቆሜ ቀንስልኝ ብዬህ ነበር።»

ሰውየው ወንበሩን እንደያዘ ቀረ። «መቼ?»

«እንኳን መቼውን ልታስታውስ!»

«ብዙ ሰው ቀንስ እያለ ይመጣል። ሰው ሊሞት እንደሆነ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነገርኩህ። ሙዚቃው አላሰማህም።»

ወንበሩን አስቀመጠ። ካውያም የያዘችውን ሁሉ አወረደችው፤ ዓመታቱን፣ ጠርሙሶቹን፣ የባሏን ትንፋሽ፣ የእሱን «እሺ እሺ»። ሰውየው ወንበር ላይ ተቀመጠና አንገቱን ደፋ። አልተከራከረም፤ ይቅርታም አልጠየቀም። ስትጨርስ «ታዲያ ዛሬ ምን አመጣሽ?» አለ።

«ያንን ዘፈን ክፈትልኝ።»

«የቱን?»

በጡጫዋ ጠረጴዛውን መታችው። ዱም፣ ዱም፣ ዱ-ዱም። ሰውየው ወዲያው አወቀው። ተነስቶ ከካሴት ክምር ውስጥ አንዱን ሳብ አደረገ።

መጀመሪያ ያው ምት መጣ። ካውያ የወንበሩን ጠርዝ ጨመቀች። ከዚያ ሴትዮዋ ገባች።

ካውያ በዚያ ዘፈን ውስጥ ሴት እንዳለች አታውቅም ነበር። ግድግዳው ምቱን ያሳልፋል፤ ድምፁን ያስቀራል። ያን ሁሉ ዓመት የጠላችው የዘፈኑን ግማሽ ነው። ሴትዮዋ ዝቅ ብላ ጀመረች፤ ሰው ልትሳደብ ስትል ቃል እንደምትመርጥ ሴት። ከኋላ ወንዶች ተቀባብለው ሊያባብሏት ሞከሩ። አልተባበለችም። ጥሩምባዎቹ አቋረጧት። በላያቸው ላይ ጮኸች። ድምፅዋ አንድ ቦታ ላይ ተሰነጠቀ፤ አላስተካከለችውም፤ በተሰነጠቀው ቀጠለች።

«ይቺ ሴትዮ ማንን ነው የምትሳደበው?» አለች ካውያ።

«ቋንቋውን አላውቀውም።»

«ቋንቋ ምን ያደርጋል? ተናዳለች እኮ! ትሰማለህ? ልትፈነዳ ነው!»

«ሰው ይወደዋል። ሁልጊዜ ይጨፍሩበታል።»

«በዚህ? በዚህ ይጨፍራሉ?»

«ታዲያ ሰው ሲናደድ ምን ያድርግ?» አለ ሰውየው። «ወይ ይማታል፣ ወይ ይጨፍራል። እኔ አዳራሽ የሚጨፍር ይሻለኛል፤ ወንበር አይሰብርም።»

«ድገመው።»

ደገመው። ካውያ ያን እሁድ ከግድግዳው ወዲያ ያለው ሁሉ የሚስቅ ይመስላት ነበር። እሷ የባሏን ዓይን ስትከድን ወዲያ ማዶ ዓለም ደስ ብሎት እንደሚዘል ነበር የምታስበው፤ የጠላችው ያንን ደስታ ነበር። ለካ እዚያም ውስጥ አንዲት ሴት እንደሷ እየጮኸች ኖሯል። በሦስተኛው ሲደገም እጇ ጭኗ ላይ ተንቀሳቀሰ። ሴትዮዋ ትንፋሽ የምትወስድበት ቦታ ላይ ጣቶቿ ተከፈቱ። ስጪ የሚለው እሱ ነበር። ትንፋሹ።

«ቴፕ አውሰኝ» አለች። «ካሴቱንም።»

ሰውየው ከመደርደሪያ ሥር ክዳኑ በላስቲክ የታሰረ አሮጌ ቴፕ አወጣ። «በባትሪ ነው የሚሠራው። ውሰጂው።»

«ይቅር ያልኩህ እንዳይመስልህ።»

«ይቅርታ መች ጠየቅኩሽ?»

«አውቃለሁ። አልጠየቅክም።»

ዓርብ ጠዋት ካውያ ቴፑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ፌንጣ አየችው፤ ካውያን አየቻት፤ ዝምታዋን መጠበቅ አቃታት።

«ይሄኛውንስ የት ሊከቱት ነው? በረኪና ውስጥ?»

«የወንድምሽ ዕቃ ነገር ዕዳዬ ነው፤ እሱን ሌላ ቀን ትሰድቢኛለሽ። ዛሬ እጠፊ።»

«እርስዎ? በሙዚቃ?» ፌንጣ ወደ ማሽኑ ማዶ ዞረች። «ቀጮ! ሐኪም ጥራ! ለእኔ፣ ጆሮዬ ታሟል!»

ኃላፊው ከድርጅቱ ከመጣችው ሴት ጋር ገባ። ሴትዮዋ ወጣት ናት፣ ፊቷ የማይነበብ፣ እጆቿን ከኋላዋ ያጣመረች። ኃላፊው ቴፑን ሲያይ ፈገግታው ደረቀ።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድነው? ክልክል ነው አላልኩም?»

«ኤሌክትሪክ ነው ያሉት። ይሄ በባትሪ ነው።»

«ባትሪም ክልክል ነው። ደግሞ ያስከለከሉት እርስዎ ራስዎ ነዎት! ይነሳልኝ።»

«እኔ ነኝ ያስከለከልኩት፣ እኔ ነኝ የምከፍተው።»

«እንግዳ ፊት አያዋርዱኝ። ሥራ ይጀመር!»

ቀጮ ማሽኑን አስነሳ። የመጀመሪያው አንሶላ ወጣ። ካውያ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ቆመች። አንሶላው እየተነነ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተከመረ። ሁለተኛው በላዩ መጣ። ፌንጣ ካውያን አየቻት፤ ከዚያ እሷም እጇን አጣመረች። በትራስ ልብስ ጠረጴዛ ያሉት ሴቶች አቆሙ። ቀጮ ግን ማስገባቱን አላቆመም፤ «ማሽኑ አይጠብቅም» አለ፣ የኃላፊውን ድምፅ አስመስሎ።

«እትዬ! ምድር ቤት ይወርዳሉ!»

ምድር ቤት ሲባል ካውያ «እርስዎ» ማለቱን ተወችው።

«አውርደኛ! ጓደኛዬንም አውርደሃታል! መርፌ ወግቷት ጉበቷ ሲያልቅ አልተረጋገጠም ያላችኋት ሴት ናት! ዓይኗን ሄደህ አይተሃል? ሎሚ መስሏል! አንተ እኮ አንሶላ ራሱን በራሱ የሚያጥብ መስሎሃል! ለሦስት ወር ያደረስኩት በዘፈን ነው፣ እኔም አላወቅኩም፣ አንተም አላወቅክም። አሁን አውቄያለሁ። ካልተከፈተ አልነካም!»

ሦስተኛው አንሶላ ከክምሩ ተንሸራቶ መሬት ወረደ። ኃላፊው እንግዳይቱ እንዳታይ አራተኛውን ራሱ ሊይዝ ዘለለ። በሙሉ መዳፉ ነው የያዘው። ጮኸና ለቀቀው፤ ጣቶቹን አፉ ውስጥ ከተተ።

«በጣት ጫፍ ነው» አለች ፌንጣ። «ቢጠይቁን እንነግርዎት ነበር።»

የድርጅቱ ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች። «ይከፈትና ልይ።»

ካውያ ተጫነችው። ዱም፣ ዱም፣ ዱ-ዱም። ፌንጣ ዘፈኑን ስታውቀው ዓይኗ ፈጠጠ፤ የወንድሟን ቴፕ በርሜል ያስገባው ዘፈን ነው። ዘፋኟ ገባች። አንሶላው ወጣ፣ ተያዘ፣ ተወጠረ። ወደ ኋላ። ታጠፈ። ወደ ፊት። ዘፋኟ ትንፋሽ ወሰደች፤ ካውያ ሰጠች፤ የፌንጣ እጅ እዚያ ነበር። መሬት ያለውን ክምር ሳይቆጥሩ አዲሱን ያዙ፤ ደግሞ ያዙ። ካውያ እንደተቆጣች ነበር። ፊቷ ቀልቶ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ እያንዳንዱን ጫፍ ጥፊ እንደሚያቀምስ ሰው ትሰጥ ነበር። ዘፋኟም ከሷ አላነሰችም።

«እትዬ» አለች ፌንጣ፣ ሲገናኙ፣ በሹክሹክታ። «እየጨፈሩ ነው።»

«እያጠፍኩ ነው። አፍሽን ዝጊ።»

«ወገብዎት ግን...»

«ወገቤን ተዪልኝ!»

ከማሽኑ ሥር የቀጮ ድምፅ መጣ። «አራቱም እግር ደርሷል!»

የድርጅቱ ሴት ዘፈኑ እስኪያልቅ ቆመች። ከዚያ ለኃላፊው አንድ ነገር ጠየቀችው፤ ድምፅዋ ከማሽኑ በላይ ተሰማ። «ምድር ቤት ለሚሠሩት ወፍራም ጓንት አላችሁ?» ኃላፊው ጣቱን ከአፉ ሳያወጣ ራሱን ነቀነቀ፤ አዎ ይሁን አይ አልታወቀም።

ድርጅቱ ልብስ ማጠቢያውን ተረከበ። ጓንቱ መጣ፤ ለጓደኛዋ አልደረሰላትም። የፌንጣ ወንድም ቴፑን ጣሪያ ላይ ቢያደርቀውም ሳይናገር ቀረ፤ ካውያ በምትኩ ሌላ ገዛችለት፣ ቀለሙን ግን አልወደደውም። እሷ ጡረታ እስክትወጣ ማጠፊያው ላይ ቆየች። የአዳራሹ ባለቤት የሞተው ጡረታ በወጣችበት ዓመት ነው። ካውያ ቀብሩ ላይ አልተገኘችም። ቴፑንም አልመለሰችም።